ሰዓቱ ሳይበላሽ አገልግሎቱ ሲቋረጥ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከጎንደር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ አንድን ጉዳይ በተለያየ ወገን የሚያነሡ በመሆናቸው የዚህን እትም ዓምድ ለእነሱ ሰጥተናል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። በውጭ አገር የምትኖር እኅቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሩጫ ሰዓት ገዝታ ልካልኝ ነበር። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድም ሆነ በጎሃ ዳገት ላይ የሮጥሁትን ሁሉ ሲመዘግብልኝ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ግን አምራቹ ድርጅት፣ በስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ይህን የሰዓት ዓይነት ከእንግዲህ እንደማይቀበል አስታወቀኝ። ከዚያ ወዲህ የልምምድ ዕቅድ አይገባለትም፣ ውጤቱ ወደ ስልኬ አይተላለፍም፣ ቀድሞ ወደ መነሻ ቦታ ይመልሰኝ የነበረው አቅጣጫ ጠቋሚም ከመጨረሻው አፕዴት በኋላ ከሜኑው ውስጥ ጠፍቷል። ሰዓቱ አልወደቀም፤ ውኃ አልገባበትም፤ ባትሪውም ደኅና ነው። ለድርጅቱ ጽፌ ያገኘሁት መልስ አዲሱን ሞዴል በቅናሽ እንድገዛ የሚጋብዝ ብቻ ነው። የተከፈለበትን ነገር እንዴት ከሰው እጅ ላይ ይወስዳሉ? አሁንስ በሰዓቱ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቅሬታዎ በቂ ምክንያት ያለው ነው። እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ «ዕቃው አርጅቷል» ተብሎ ይሸኛል፤ የእርስዎ ሰዓት ግን አላረጀም። የተቋረጠው ከሰዓቱ ጋር አብሮ የተሸጠው አገልግሎት ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ደግሞ ምን እንደቀረዎትና ምን በእጅዎ እንዳለ ለማወቅ ይረዳል።

የስፖርት ሰዓት ሥራውን የሚሠራው በሁለት ቦታ ነው። የሳተላይት ምልክት መቀበል፣ የልብ ምት መለካት፣ ርቀትና ፍጥነት ማስላት እንዲሁም የተሮጠውን በማኅደሩ ማስቀመጥ በእጅዎ ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ የሚከናወኑ ናቸው። የልምምድ ዕቅድ ማውጣት፣ የወራትን ውጤት ማነጻጸር፣ ከሌሎች ሯጮች ጋር መወዳደርና የመሳሰለው ግን በአብዛኛው የሚከናወነው በድርጅቱ ሰርቨሮች፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚያገለግሉ ኮምፒውተሮቹ ላይ ሲሆን፣ የስልኩ መተግበሪያ የሁለቱ ድልድይ ነው። ድልድዩ ሲፈርስ ወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ይቀራል፤ በእጅዎ ላይ ያለው ግን መሥራቱን ይቀጥላል። ለዚህም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ጋርሚን የተባለው ታዋቂ የሰዓት አምራች በኮምፒውተር ሰርሳሪዎች ጥቃት ደርሶበት አገልግሎቱ ለቀናት በተቋረጠበት ጊዜ፣ የደንበኞቹ ሰዓቶች የሩጫ መረጃ መመዝገባቸውን አላቆሙም ነበር። ብዙዎችም መረጃቸውን በኬብል ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ሥራቸውን ቀጥለዋል።

ድርጅቶቹ ድጋፍ የሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች ሁሉ ከንቱ ናቸው ማለት አይቻልም። የአንድሮይድና የአይፎን ሥርዓቶች በየዓመቱ ስለሚለወጡ መተግበሪያውን ለእያንዳንዱ አሮጌ ሞዴል ማስተካከልና መፈተሽ ወጪ አለው፤ የቆየ ሰዓት የማስታወሻ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ አዲሱን ሶፍትዌር ላይሸከም ይችላል፤ ድርጅቱ ራሱ ሊሸጥ ወይም ከገበያው ሊወጣ ይችላል። ናይክ ከቶምቶም ጋር ያወጣውን የሩጫ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2018 መደገፍ አቁሟል። ሌላው የስፖርት ሰዓት አምራች ፊትቢት በጉግል እጅ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2023፣ ብዙ ተጠቃሚዎች ከወዳጆቻቸው ጋር የሚወዳደሩባቸውን ክፍሎች ሰዓቶቹ በሙሉ ጤንነት ላይ እያሉ አንሥቷል። ማይክሮሶፍት ደግሞ እንደ ስፖርት ሰዓት የሚያገለግለውን የእጅ አምባሩን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ሲዘጋ፣ አምባሩን እየተጠቀሙበት ለነበሩ ደንበኞች ለመጀመሪያው ሞዴል 80 ዶላር ገደማ፣ ለሁለተኛው 175 ዶላር መልሷል። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ገንዘብ መመለስ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ስለሚያሳይ በተለይ ሊታወስ የሚገባው ነው።

በእኔ እምነት አዲስ ነገር መጨመር ማቆምና የነበረውን መንጠቅ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አንድ ድርጅት ለአሮጌ ሰዓት አዲስ የእንቅልፍ መለኪያ አልሰጥም ቢል ማንም አይከሰውም። ነገር ግን በካርቶኑ ላይ ታትሞ የተሸጠን አቅጣጫ ጠቋሚ፣ ያለ ሰርቨር በሰዓቱ ውስጥ ብቻ የሚሠራን ነገር፣ በአፕዴት ስም ማጥፋት የተሸጠን ዕቃ ከፊሉን መልሶ መውሰድ ነው። በሰሜን ተራሮች ጭጋግ ውስጥ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ወደ መነሻ የሚመልስ ጠቋሚ የቅንጦት ነገር አይደለም። ስለዚህ ለድርጅቱ እንደገና ሲጽፉ «ለምን ድጋፍ አቆማችሁ» ከማለት ይልቅ ሲሸጥ የነበረውን፣ አሁን የጠፋውን አንድ ነገር በስሙ ጠርተው፣ የጠፋበትን የአፕዴት ቁጥር ጠቅሰው፣ ወይ እንዲመልሱልዎ ወይ ካሳ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። ደረሰኙ በእኅትዎ እጅ ካለ እሳቸው በሚኖሩበት አገር ሕግ መሠረት ቢያመለክቱ የተሻለ ተሰሚነት ያገኛሉ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሸቀጥ ሽያጭ መመሪያ ከዕቃው ጋር የሚሸጠውን ሶፍትዌርም የሻጩ ኃላፊነት ውስጥ አስገብቶታል።

አሁን በእጅዎ ስላለው ሰዓት። ከሁሉ በፊት፣ ችግሩ ይፈታል ብለው ሰዓቱን ወደ ፋብሪካ ይዞታው አይመልሱት፤ ማለትም በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ አያስጀምሩት (ሪሴት አያድርጉት)። ብዙ ሞዴሎች ከዚያ በኋላ ሥራ የሚጀምሩት በስልክ መተግበሪያ በኩል እንደገና ሲመዘገቡ ነው፤ መተግበሪያው ካልተቀበላቸው ጨርሰው ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። ቀጥሎ በድርጅቱ ድረ ገጽ ወደ አካውንትዎ ገብተው እስከ ዛሬ የተጠራቀመውን መረጃ በሙሉ ያውርዱ። ሰርቨሩ አንድ ቀን ሲዘጋ የዓመታት ሩጫዎ አብሮ ይጠፋልና ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ለሚሮጡት ኬብሉን ይጠቀሙ። ብዙዎቹ የሩጫ ሰዓቶች በቻርጅ ኬብላቸው ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኙ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታሉ፤ በውስጣቸው «አክቲቪቲ» የሚል ፎልደር ይገኛል፤ እያንዳንዱ ሩጫም በቀኑና በሰዓቱ ተሰይሞ፣ በስሙ መጨረሻ «ፊት» (FIT) የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ያሉት አንድ ፋይል ሆኖ ተቀምጧል። ያንን ፋይል ገልብጠው ስትራቫን በመሰለ ሌላ አገልግሎት ላይ መጫን ወይም ጎልደን ቺታ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም መክፈት ይቻላል። የሰዓትዎ ኬብል ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ጋጀትብሪጅ የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሞዴልዎን ይቀበል እንደሆነ ይመልከቱ፤ ብዙ የቆዩ ሰዓቶችን ያለ አምራቹ ሰርቨር ከስልክ ጋር ያገናኛል። ፔብል የተባለው ሰዓት አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘግቶ፣ አገልግሎቱም በ2018 ከተቋረጠ በኋላ በሕይወት የቆየው ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሬብል የሚል የጋራ አገልግሎት ስላቋቋሙለት ነው።

ሁለት ለውጦች ያጋጥሙዎታል፤ ብልሽት እንዳይመስሉዎት። አንደኛው ሰዓቱ ሳተላይት ለማግኘት ከቀድሞው የበለጠ መዘግየቱ ነው። ቀድሞ ሳተላይቶቹ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚሆኑ የሚገልጽ መረጃ በየጊዜው በስልኩ በኩል ይደርሰው ነበር፤ አሁን ያንኑ በቀጥታ ከሳተላይቶቹ መቀበል አለበት፤ ሙሉው የጂፒኤስ መልእክት ተነግሮ የሚያልቀው ደግሞ በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ለብዙ ጊዜ ሳይጠቀሙበት ከቆዩ ይህን ያህል ሊያስጠብቅዎ ይችላል፤ በየቀኑ የሚሮጡበት ከሆነ ግን እጅግ ያጥራል። ከጃን ተከል ዋርካ ሥር ወይም የግንቡን አጥር ተጠግተው ሳይሆን ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ ቆመው ምልክቱን እስኪያገኝ ይጠብቁት፤ ሳያገኝ ከተነሡ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይዛባሉ። ሁለተኛው የከፍታ ልኬት ነው። ሰዓትዎ ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ ከሆነ የአየሩ ጠባይ በተለወጠ ቁጥር ስለሚዛነፍ ከፍታውን በትክክል በሚያውቁት ቦታ ላይ ቆመው በእጅዎ ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ አራዳ ገበያ አካባቢ አንድ ነጋዴ ያገለገለ ግን አዲስ የሚመስል የሩጫ ሰዓት በግማሽ ዋጋ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ልግዛው?

መልስ፦ መስተዋቱ አለመጫሩን ከማየትዎ በፊት የሞዴሉን ስም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልገው ድጋፉ ያልተቋረጠ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያም ገንዘብ ሳይከፍሉ ሰዓቱን ከራስዎ ስልክ ጋር በራስዎ አካውንት እንዲያገናኙት ሻጩን ይጠይቁ። «ከቀድሞው ባለቤት ጋር የተያያዘ ነው» የሚል መልእክት ከመጣ ይተውት። ከተገናኘና ጥቂት ደቂቃ ሮጠውበት መረጃው ወደ ስልክዎ ከተላለፈ ግማሽ ዋጋው መጥፎ አይደለም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። ከእኔ ሰዓት የገዙ ደንበኞች አፕሊኬሽኑ ሲቋረጥባቸው ከእኔ ጋር ይጣላሉ። አምራቹ ባደረገው ነገር እኔ ተጠያቂ ነኝ?

መልስ፦ ሰርቨር የዘጉት እርስዎ አይደሉምና ደንበኞችዎ ንዴታቸውን ሁሉ በእርስዎ ላይ ማውረዳቸው ልክ አይደለም። ሆኖም ገዢው የሚያውቀው አምራቹን ሳይሆን እርስዎን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በእኔ አስተያየት ድጋፉ መቋረጡ አስቀድሞ የታወቀን ሰዓት ይህን ሳይናገሩ «ከስልክ ጋር ይሠራል» ብሎ መሸጥ ከዚህ መብት ጋር የሚጋጭ ነው። ከሽያጩ በኋላ የተቋረጠ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዕቃ አምራች የደኅንነት ማሻሻያ ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጥ በይፋ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይህ የደኅንነት ማሻሻያን ብቻ የሚመለከት ቢሆንም ለእርስዎ ሥራ ይጠቅማል፤ አምራቹ በዚያ አገር የሚሸጥ ከሆነ ያሳወቀውን ጊዜ ከድረ ገጹ አንብበው፣ ቀኑ የተቃረበበትን ሞዴል ከአከፋፋይ ከመረከብ ይቆጠቡ። ሲሸጡም ሰዓቱን ከገዢው ስልክ ጋር በፊቱ ያገናኙለት፤ በደረሰኙ ላይ የሞዴሉን ሙሉ ስም፣ በዕለቱ ከስልኩ ጋር መሥራቱን፣ አምራቹ ያሳወቀው ቀን ካለም እሱኑ ይጻፉ። ቀኑን አይተው ሳይገዙ የሚመለሱ ደንበኞች ይኖራሉ። እነሱን በዝምታ ለማስቀረት መሞከር ግን አሁን ወዳማረሩዎት ጠቦች የሚመልስ ነው።