የአንባቢያን ጥያቄ፦ የ59 እና የ60 ውርርድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደጀን የማስተምር መምህር ነኝ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ በስልክ ስናወራ ስለ ድሮ ቤዝቦል አንድ ነገር አጫወተኝ። በ1884 ፕሮቪደንስ የሚባል ቡድን ሻምፒዮን ሲሆን ካሸነፋቸው 84 ጨዋታዎች 59ኙን ያሸነፈለት አንድ ወርዋሪ ብቻ ነው አለኝ። ይህን ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዱ ስልኩን አወጣና «60 ነው የሚለው፣ አንተ ከየት አመጣኸው?» ብሎ አፋጠጠኝ። በግማሽ ኪሎ ቁርጥ ተወራርደናል። ማን ይክፈል? ደግሞስ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ጨዋታ እንዴት ይችለዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁርጡን ቶሎ አትዘዙ። መጀመሪያ ታሪኩን ልንገርህ።

1884 በእኛ 1876 መሆኑ ነው (ወርና ቀኑን በእኛ፣ ዓመታቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራልህ)። ከእምባቦ ጦርነት ሁለት ዓመት በኋላ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን በሚገዙበት ዘመን። ፕሮቪደንስ የሮድ አይላንድ ከተማ ናት፤ ሮድ አይላንድ ደግሞ ከአሜሪካ ግዛቶች በስፋት ትንሿ። የከተማዋ ቡድን «ግሬይስ» ይባላል። ወቅቱን የጀመረው በሁለት ጥሩ ወርዋሪዎች ነበር። ወርዋሪ ማለት ለተቃራኒው ቡድን መቺ ኳሱን የሚወረውረው ነው፤ ቡድኑ ሲያሸንፍ ድሉ በአንድ ወርዋሪ ስም ይጻፋል። አንደኛው ቻርለስ ራድበርን ነው፣ የሥጋ ነጋዴ ልጅ፣ ገና 29 ዓመቱ፤ በኋላ ግን «ሽማግሌው ፈረስ» በሚል ቅጽል ነው የሚታወቀው። ሁለተኛው ወጣቱ ቻርሊ ስዊኒ ነው። ስዊኒ ሰኔ 1 ቀን ከቦስተን ጋር ሲጫወቱ 19 መቺዎችን ኳስ ሳያስነካ አባረረ። ራድበርን ይህ አልተዋጠለትም። በግልጽ እንናገር ከተባለ ቀናበት። አኩርፎ ኳሱን እንደ ነገሩ መወርወር ሲጀምር አለቆቹ ሐምሌ ላይ ከጨዋታ አገዱት።

ከዚያ የባሰ መጣ። ሐምሌ 16 ቀን ከፊላደልፊያ ጋር እየተጫወቱ፣ ቡድኑም እየመራ፣ አሰልጣኙ ፍራንክ ባንክሮፍት ስዊኒን «አንተ ሜዳው ዳር ሄደህ ተጫወት፣ ሚለር ይወርውር» አለው፤ ሚለር ሌላው የቡድኑ ተጫዋች ነው። እዚህ ጋ አንድ ሕግ ማወቅ አለብህ። በዚያን ጊዜ ካልተጎዳህ በስተቀር ተቀያሪ የሚባል ነገር የለም። ወርዋሪ ሲደክም ሜዳ ውስጥ ካለ ሌላ ተጫዋች ጋር ቦታ ይለዋወጣል እንጂ አዲስ ሰው ከውጭ አይገባም። ስዊኒ፣ ጠጥቶም ነበር ይባላል፣ አሻፈረኝ ብሎ ጥሎ ወጣ። ፕሮቪደንስ በስምንት ሰው ቀረ፣ ሲመራ የነበረውን ጨዋታም ተሸነፈ። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን፣ ለስዊኒ የነገረው አልነበረም። በነገራችን ላይ እሱን አባረሩት፣ ሌላ ሊግ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ገባና እዚያም ሻምፒዮን ሆነ። አንዳንድ ሰው ዕድለኛ ነው።

አሁን የቡድኑ ባለቤቶች ቡድኑን እስከ መበተን አሰቡ። ወርዋሪ የለማ! የቀራቸው የታገደው ራድበርን ነው። እሱም ነገሩ ገባውና ዋጋውን ጠራ፦ የቀረውን ወቅት እኔ እወረውራለሁ፣ እናንተ ደመወዜን ጨምሩ፣ ሲያልቅ ደግሞ በነፃ ልቀቁኝ። ይህ «በነፃ ልቀቁኝ» ቀላል ጥያቄ እንዳይመስልህ። በዘመኑ ቡድን ያስያዘው ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። እንደ ጭሰኛ በለው። ብዙዎች ይህን ወቅት ሲያወሩ የጀግንነት ገድል ያደርጉታል። እኔ ግን ጀግንነቱን ሳልክድ፣ አስቀድሞ የማየው ባለሙያ መሆኑን አውቆ ሒሳቡን የጠየቀ ሠራተኛ ነው።

ከዚያ ወረወረ። ዛሬ ወረወረ፣ ነገም ወረወረ። ቡድኑ በአንድ ወቅት 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በዓመቱ 73 ጨዋታ ጀመረ፣ 73ቱንም ራሱ ጨረሰ። 441 መቺ ሳይመታ መለሰ። ዙር ስንቆጥር (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ዙር ነው) ከ678 በላይ ወረወረ፤ ዛሬ አንድ ወርዋሪ በዓመት 200 ከደረሰ ይጨበጨብለታል።

ክንዱስ? አንተ ደጀን ነህና ይገባሃል። ልጅ ሆኜ ዓባይ በረሃ ወርጄ የአጎቴን ማሽላ ከወፍ ስጠብቅ ማማ ላይ ቆሜ ቀኑን ሙሉ በወንጭፍ ስወረውር እውል ነበር። ሲመሽ እንጀራ ለመቁረስ እጄን ስዘረጋ ትከሻዬ አይታዘዘኝም። እናቴ በቅቤ ስታሸኝ እጮህ ነበር። ይህ የሦስት ቀን ነገር ነው፣ ያውም ድንጋዩ የሚሄደው በወንጭፉ ጉልበት። ራድበርን ይህን ለወራት በባዶ ክንዱ አደረገው። ጠዋት ፀጉሩን ለማበጠር እጁን ማንሳት ያቅተው ነበር ይባላል። ሜዳ ሲደርስ መጀመሪያ ከቅርብ ቀስ እያለ ይወረውራል፣ ክንዱ ሲሞቅ ጥቂት ጥቂት እያለ ይርቃል፣ ከዚያ ይጀምራል።

ለመቻሉ ሌላም ምክንያት አለ። ያኔ ወርዋሪው ለመቺው በጣም ይቀርባል፣ 15 ሜትር ገደማ። ወደ ዛሬው 18 ሜትር ከግማሽ ገደማ የራቀው በ1893 ነው። ክንድን ከትከሻ በላይ አንስቶ መወርወርም ፕሮቪደንስ በሚጫወትበት ሊግ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደው ገና በዚያው በ1884 ነበር።

ፕሮቪደንስ 84 አሸንፎ 28 ተሸንፎ ቦስተንን በሰፊ ልዩነት ጥሎ ዋንጫውን ወሰደ። በጥቅምት ደግሞ የሌላኛውን ሊግ ሻምፒዮን፣ የኒውዮርክ ሜትሮፖሊታንስን፣ ገጠመ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስቱንም አሸነፈ፣ ሦስቱንም የወረወረው ማን እንደሆነ አልነግርህም። በጥቅምት አንድ አጥንት የምንለው ብርድ እዚያም አለ መሰለኝ፤ ሦስተኛውን ጨዋታ ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያየው፣ በስድስተኛው ዙርም ተቋረጠ።

እንግዲህ ወደ ውርርዱ። ሐምሌ 22 ቀን ሚለር አምስት ዙር ወርውሮ ቡድኑ እየመራ ሳለ ራድበርን ቦታ ተለዋውጦ የቀረውን ጨረሰ። የዘመኑ መዝጋቢ ድሉን ለራድበርን ጻፈለት። በዛሬው ሕግ ግን ድሉ፣ ቡድኑ እየመራ አምስቱን ዙር የወረወረው የሚለር ነው። 60 የሚለው የድሮውን መዝገብ ይዟል፣ 59 የሚለው የዛሬውን ሕግ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ቁርጡን ግማሽ ግማሽ ክፈሉ፣ አዋዜው በባልደረባህ ይሁን፣ ያፋጠጠህ እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ቤዝቦል ከገና ጨዋታችን ጋር ዝምድና አለው እንዴ? ሁለቱም በዱላ ነው። (ከሞጣ)

መልስ፦ የለውም። በገና ሩሯን መሬት ለመሬት እያንከባለልክ ወደ ተቃራኒ ወገን ታደርሳለህ፣ ያ ይበልጥ ከሆኪ ጋር ይቀራረባል። በቤዝቦል የተወረወረልህን ኳስ ትመታና በአራት ማዕዘን ዙሪያ ትሮጣለህ። የሚያመሳስላቸው ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ያለው ሕመም ነው፣ የእኔ ጠባሳ አሁንም አለ።

ጥያቄ፦ ያ የፕሮቪደንስ ቡድን ዛሬም ይጫወታል? (ከቡሬ)

መልስ፦ የለም እህቴ። ከ1885 ወቅት በኋላ ፈረሰ። ራድበርን ነፃነቱን አግኝቶም ያን የመጨረሻ ዓመት እዚያው ነው የተጫወተው። ጨዋታ ካቆመ በኋላ በአደን ላይ በደረሰ አደጋ አንድ ዓይኑን አጣ፣ በ1897 በ42 ዓመቱ ሞተ። ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ያስገቡት በ1939 ነው።