ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ ለሚበር የደረት ጉዳተኛ ምን እናዘጋጅ?

ሰላም ሲስተር። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተባለ ወጣት አለ። መኪና ተገልብጦ የጎን አጥንቶቹ ተሰብረዋል። ጭኑም ተሰብሮ ዛሬ ጀሶ ታስሮለታል። ራጁ ላይ በሳንባው ዙሪያ ትንሽ አየር ታይቷል። አንቺ ነሽ ይዘሽው የምትበሪው። «አየሩ ትንሽ ነው፣ በረራውም አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ አየሩን ከደረቱ የሚያስወጣ ቱቦ አያስፈልገውም ተባልኩ፤ እውነት ነው?» ብለሻል። ጉዳተኛ ይዞ መብረር የቆየ ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

እኔን ያሳሰበኝ «አንድ ሰዓት ብቻ» የሚለው ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ላይ ናት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር እኩል ከሆነ በኋላ ከዚያ እንዳይቀንስ ይደረጋል። ስለዚህ አየር ላይ መሆንና ቦሌ መሬት ላይ መቆም ለሳንባው ያን ያህል አይለያዩም። ሌላ አገር አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ታካሚው እፎይ ይላል። የአንቺ ታካሚ ግን ካረፈም በኋላ ከፍታ ላይ ነው። አምቡላንስ ውስጥ፣ ድንገተኛ ክፍል ተራ ሲጠብቅ፣ ሌሊቱንም ሙሉ። ፓይለቱን «ዝቅ ብለህ ብረር» ማለትም አያዋጣም፤ መድረሻው ራሱ ደጋ ነው።

አሁን ደረቱ ውስጥ ያለውን አየር አስቢው። የአየር ግፊቱ ጋምቤላ ላይ ወደ 715 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 575 ይወርዳል። ተዘግቶ የተቀመጠ አየር በዚህ ልዩነት ብቻ በሩብ ያህል ያብጣል። ሳንባው አሁንም አየር እያፈሰሰ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጨምራል። መጠኑ አነስተኛ ሆኖ፣ በደንብ እየተከታተሉት ያለ ቱቦ የሚበር ታካሚ አለ፤ አልክድም። የጎን አጥንቱ የተሰበረ፣ ደም የፈሰሰው፣ አንዲት ነርስ ብቻ የያዘችው ሰው ላይ ግን የኔ አቋም ግልጽ ነው። ቱቦው ከመነሳታችሁ በፊት ይግባ፣ ቦታውም በራጅ ይታይ። እነዚህን ቁጥሮች ለሐኪሙ አሳይው። ብዙ ጊዜ ቦሌ ከፍታ መሆኑ ስለማይታሰብ ነው እንጂ ሲነገረው እምቢ የሚል ሐኪም አላጋጠመኝም።

ቱቦው ከገባ በኋላ አደራ፣ ለጉዞ ብሎ ማንም በክላምፕ (በመቆንጠጫ) እንዳይቆልፈው። አየሩ መውጫ ካጣ ቱቦ ማስገባቱ ትርጉም የለውም። ቱቦው የተያያዘው ውኃ ካለበት ጠርሙስ ጋር ከሆነ፣ ጠርሙሱ ከደረቱ በታች ይቀመጥ፤ ስትሬቸር ሲነሳ ሰው ረስቶ ሆዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስወጣ ቫልቭ ካገኛችሁ ለበረራ እሱ ይሻላል። ደረቱ ውስጥ የታመቀ አየር በመርፌ ለማስወጣት ወፈር ያለ ካኑላ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ድንገት ትንፋሹ ቢያጥር፣ የደም ግፊቱ ቢወርድ፣ አንዱ የደረቱ ጎን መንቀሳቀስ ቢያቆም አትጠብቂ። በጆሮ አዳምጬ አረጋግጣለሁ ብለሽም አታስቢ፤ በሞተሩ ድምፅ ስቴቶስኮፕ አይሠራም። ዓይንሽና እጅሽ ናቸው መሣሪያሽ።

ኦክስጅኑን ደግሞ በሒሳብ ያዢው። የሚያስፈልገውን ፐርሰንት በመነሻው ግፊት አባዢ፣ በመድረሻው ግፊት አካፍዪ። ጋምቤላ ላይ 40 ፐርሰንት የሚበቃው ሰው አዲስ አበባ ላይ 50 ገደማ ይፈልጋል። ዛሬ ከፍተኛውን እየወሰደ ሳቹሬሽኑ (በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን) 90 ፐርሰንት ላይ የሚንገዳገድ ከሆነ ገና ለበረራ አልደረሰም። በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንም እዩ። ደም ከጎደለው፣ ተሸካሚው አንሶ ኦክስጅኑም ያንሳል፤ ደም የሚሰጠው ከሆነ ከመነሳቱ በፊት ይሰጠው።

ሲሊንደሩን በበረራው ሰዓት አትለኪው። 680 ሊትር የሚይዘው በደቂቃ 10 ሊትር ሲለቀቅ 68 ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ያውም ሙሉ ከሆነ። ከዎርድ እስከ ማረፊያው፣ የበረራ መዘግየት፣ ከቦሌ እስከ ሆስፒታሉ ያለው የመንገድ መጨናነቅ ሁሉ ይቆጠራል። ካሰብሽው እጥፍ ያዢ። በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው አምቡ ባግም አይቅር። በመደበኛ የመንገደኛ በረራ ከሆነ ደግሞ ለታመመ መንገደኛ የሚሞላውን፣ ሜዲፍ የሚባለውን ፎርም ሐኪሙ ቀድሞ ይሙላ፤ ኦክስጅኑንም ከአየር መንገዱ ጋር ሳትነጋገሩ የሆስፒታሉን ሲሊንደር ይዛችሁ በር ላይ እንዳትቆሙ።

ጀሶው የዛሬ ስለሆነ ዙሪያውን እንደተዘጋ አይብረር። እግሩ ያብጣል፣ ጀሶው አይሰፋለትም። ከላይ እስከ ታች ይሰንጠቅና በፋሻ ይያዝ። ጣቶቹን በየጊዜው ንኪ፤ ቀለማቸውን፣ ሙቀታቸውን፣ ስሜታቸውን እዪ። በአየር የሚነፋ ስፕሊንት (የስብራት መደገፊያ) አትጠቀሙ፤ እሱም ያብጣል። ክብደት የሚንጠለጠልበት መጎተቻም አውሮፕላን ላይ አይሆንም። ሆዱ ከተነፋ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚወርደው ኤንጂ ቲዩብ ይግባለት፣ ክፍት ሆኖ ይቆይ። ድንገት ሁኔታው ተለውጦ በትንፋሽ ቱቦ የሚሄድ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛም አየር ነው። ሲወጣ ያብጣል፤ ግፊቱን በመለኪያ እያየሽ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ መካከል አቆዪው።

ብርድ ልብስ ያዢ። የጋምቤላ ሙቀት ያዘናጋል። ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደሙ መርጋት ያቅተዋል፣ ቦሌ ደግሞ ማታ ከደረሳችሁ ይበርዳል።

ለተቀባዩ ሆስፒታል ቀድመሽ ስትደውዪ «ደረቱ ተጎድቷል» ብቻ አትበዪ። ቱቦው መቼ እንደገባ፣ አየር እያስወጣ መሆኑን፣ በስንት ሊትር ኦክስጅን ስንት ሳቹሬሽን እንዳለው፣ ስንት ዩኒት ደም እንደወሰደ ንገሪያቸው። አምቡላንሱም ኦክስጅን ይዞ ማረፊያው ድረስ ይምጣ። ሐኪሙ ቱቦውን ካልተስማማበት እዚሁ ጻፊልኝ፤ የራጁን ፎቶ የታካሚውን ስም ሸፍነሽ ላኪ።