«ጋኔን» ማለት ምን ማለት ነው? የቀትሩስ ጋኔን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። አያቴ በቀትር ወንዝ አታስወርደንም፤ «ጋኔን ይጫወትበታል» ትላለች። የፈላ ውኃ ስትደፋም ታማትባለች። ይህ ዕቃ የሚደብቀው፣ ድንጋይ የሚወረውረው ጋኔን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቃሉ የግዕዝ ነው። ነጠላው ጋኔን፣ ብዙው አጋንንት ይባላል፤ «አጋንንቶች» ማለት የበዛውን ደግሞ ማብዛት ነው። በአፍ «ጋኔል» የሚባለው «ን» ወደ «ል» ተለውጦ ነው። የዐረብኛው «ጂን» ዘመዱ ሲሆን፣ እርሱም «ሸፈነ፣ ሰወረ» ከሚል ግስ ይወጣል፤ ለዐይን የማይገለጥ ማለት ነው።

የቀትሩን ነገር አያትሽ ከባዶ አላመጡትም። ዳዊት በመዝሙር 90 (በዕብራይስጡ ቁጥር 91) ቁጥር 6 ላይ «እምጋኔነ ቀትር» (ከቀትር ጋኔን) ይላል። ዕብራይስጡ በቀትር ስለሚያጠፋ መቅሠፍት ነው የሚናገረው፤ «ጋኔን» ያለው የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ሲሆን ግዕዛችን እርሱን ተከተለ። ሰው ግን ቀትሩን ይዞ፣ እዚያው ከፍ ብሎ ቁጥር 5 ላይ ያለውን «አትፈራም» የሚለውን ጣለው!

ተጫዋች ጋኔንን በመጽሐፍ አታገኚም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሌጌዎን የተባለው የአጋንንት ጭፍራ ያደረበትን ሰው በመቃብር ያሳድረዋል፣ በድንጋይ ያስቧጭረዋል፤ ወደ 2000 የሚያህሉ እሪያዎችንም ባሕር ውስጥ ያሰጥማል። እኔን የሚያሳስበኝ ቀልደኛ የተባለው ነው። ሰው ከቀልደኛ ጋር ይደራደራልና፦ ዛሬ ቡና ያፈስለታል፣ ነገ ጭዳ ያርድለታል፣ ከነገ ወዲያ ጋኔን ጎታች ቤት ይገኛል። ኦሪት ዘዳግም 32፥17 «ለአጋንንት ሠዉ» ብሎ የሚወቅሰው ይህንኑ ነው።

ውኃ ሲደፉ ማማተቡ መልካም ነው፤ ጋኔኑን «ይቅርታ» ለማለት ከሆነ ግን ተበላሸ። «በስመ አብ» ሲባል እጅ ግንባር ላይ ነው፣ «ወወልድ» ሲባል ወደ ታች ይወርዳል፣ «ወመንፈስ ቅዱስ» ሲባል ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ያልፋል፤ «አሐዱ አምላክ አሜን» ብሎ መጨረስ ነው። ብዙዎቻችን ዝንብ እንደምናባርር እናወናጭፈዋለን።

በቀትር ወንዝ ዳር የወደቀ ሰው ካጋጠመሽ ደግሞ «ጋኔን መታው» ከማለትሽ በፊት ወደ ጥላ አውጪው፣ ልብሱን አላልተሽ ሰውነቱን በውኃ አቀዝቅዢው፤ ፀሐይም ይጥላል። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ሳትጨምሪ በጎኑ አስተኝተሽ ወደ ሕክምና አድርሺው። የሚጥል በሽታ ያለበትም ጠበሉን ይጠመቅ፤ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን ግን አያቋርጥ።