መድኃኒት በቆዳ በኩል ማለፉን ለሚፈትሹ ወጣት ባለሙያዎች

በቤተ ሙከራ ውስጥ መድኃኒት ቆዳን የሚያልፍበትን መጠን መለካት ለጀመራችሁ ወጣቶች አጥብቄ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው የሰጣችሁን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት፣ የቀባችሁት መድኃኒት በሙሉ የት እንደገባ አረጋግጡ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ተመራማሪው ቶማስ ፍራንዝ ባሳተመው ጥናት የታወቀው የመስታወት ዕቃ ለዓይን ቀላል ነው። ከላይ መድኃኒቱ ይቀመጣል፣ ከታች ፈሳሽ ይሞላል፣ በመካከል ቆዳ ወይም ሰው ሠራሽ ስስ ሽፋን ይወጠራል፤ የቆዳው ገጽ በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲቆይ ተደርጎ ከታችኛው ፈሳሽ በየጊዜው ናሙና ይቀዳል።

አብዛኛውን ጊዜ ስህተት የሚደበቀው በዚህ በታችኛው ፈሳሽ ውስጥ ነው። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ቆዳውን ያለፈውን መድኃኒት ደም ወዲያው ይወስደዋል፤ በዕቃው ውስጥ ግን የሚወስደው የለም። ስለዚህ በስብ እንጂ በውኃ የማይሟሟ መድኃኒት የላይኛውን ንጣፍ ካለፈ በኋላ ወደ ውኃማው ፈሳሽ መውረድ አቅቶት ቆዳው ውስጥ ይቀራል፣ ተመራማሪውም «አያልፍም» ብሎ ይጽፋል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው መጠን ሊሟሟ ከሚችለው አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ፤ አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን ወይም ሌላ አሟሚ ብትጨምሩም ቆዳውን እንደማይጎዳው አስቀድማችሁ ፈትሹ። በመጨረሻም ከገጹ የታጠበውን፣ በማጣበቂያ ፕላስተር ከተላጠው የቆዳ የላይኛ ንጣፍ ጋር የወጣውን፣ ቆዳው ውስጥ የቀረውንና ወደ ፈሳሹ የወረደውን ደምሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) 428ኛ የሙከራ መመሪያ የዚህ ድምር አማካይ ከ100 በመቶ በ10 በመቶ በላይ እንዳይርቅ፣ ከራቀም ምክንያቱ እንዲገለጽ ይጠይቃል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ያለ እርሱ የተጻፈ ውጤት ለእኔ ውጤት አይደለም፣ ምክንያቱም ሕመምተኛው የሚቀባው መጠን የሚወሰነው እንዲህ ባለው ቁጥር ላይ ተመርኩዞ ነው።

ሽፋኑንም እንደ ጥያቄያችሁ ምረጡ። የሲሊኮን ሽፋን ሁለት ቅባቶችን ለማወዳደር ይጠቅማል፣ በሰው ላይ የሚሆነውን ግን አይነግራችሁም። የአሳማ ጆሮ ቆዳ ለሰው ቆዳ በእጅጉ ይቀርባል፤ የአይጥ ቆዳና በቤተ ሙከራ የበቀለ ቆዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ቆዳ ይበልጥ ያሳልፋሉ።

ከሌሎቹ በጣም የራቀ ውጤት ስታዩ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። የቆዳው ጤናማነት በኤሌክትሪክ ተቃውሞ ወይም በቆዳው በኩል በሚተን የውኃ መጠን የሚለካው መድኃኒቱ ከመቀባቱ በፊት ነው፤ የትኛው ቆዳ እንደሚጣልም በዚያው ሰዓት በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል እንጂ ውጤቱ ከታየ በኋላ ሊወሰን አይገባም።