ለአማትህ ቀብር ፊሊፒንስ ከመሄድህ በፊት

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። «የባለቤቴ አባት ፊሊፒንስ አረፉ፣ ዓርብ እንበራለን፣ ቀብሩ ላይ እንደርስ ይሆን? ምን ልወቅ?» ብለሃል። ለመድረሱ አታስብ። እኔም የሚስቴ አባት ሞተው ከዱባይ ከሚስቴ ጋር ስበር የሦስት ቀን ልብስ ብቻ ነበር የያዝኩት።

1. የቀብሩ ቀን ሳይቆረጥ ከቀብር አስፈጻሚ ጋር ዋጋ እንዳትነጋገር። እዚያ አስከሬኑ እንዳይበላሽ መድኃኒት ይወጋና፣ ፊቱ በመስታወት በሚታይ ሣጥን ሳሎን ይቀመጣል። «ላማይ» ይሉታል። ሦስት ቀንም ሳምንትም ሊሆን ይችላል። ውጭ የሚሠራ ልጅ ካለ ደግሞ እሱ እስኪመጣ ይጠበቃል። እኔ ሆዬ ዛሬ ሞቶ ነገ ይቀበራል በሚለው በእኛ ልማድ፣ «የሦስት ቀኑን እኔ እችላለሁ» ብዬ ፈረምኩ። አማች ነኝ ብዬ ጉራዬ ነው። የሚስቴ እህት ሪያድ ነበረች፣ አሠሪዎቿ ቶሎ አልለቀቋትም። ዘጠኝ ቀን! የእያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ሂሳብ የሚመጣው ወደ ፈራሚው ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚቀርበው ቡናና ብስኩትም አለ።

2. እንግዳ አትሸኝ። አንድ አዛውንት ሊሄዱ ሲነሱ እንደ ጨዋ ልጅ እስከ በር ልከተላቸው ስል ሚስቴ ሸሚዜን ይዛ አስቀረችኝ። ለካ ሐዘንተኛ ለቅሶ ደራሽ ከሸኘ ሌላ ሞት ይጠራል ይላሉ። ለመጣልህም ሰው «አመሰግናለሁ» አይባልም። ቤትም አይጠረግም።

3. ሬሳው አጠገብ ካርታ በገንዘብ ሲጫወቱ አትደንግጥ። እኔ «ምን ዓይነት ድፍረት ነው?» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሟች ብቻውን ስለማይተው ሰው ነቅቶ ያድራል፣ ካርታው እንቅልፍ ያባርራል። ከጨዋታው ገንዘብ ላይ የሚነሳው ድርሻ፣ «ቶንግ» የሚሉት፣ ደግሞ ለሐዘንተኛው ቤት ነው። ለቅሶ ደራሽ በፖስታ የሚሰጠው ገንዘብ «አቡሎይ» ይባላል። ነገ ለሰጪው የሚመለስ ብድር ስለሆነ እንደ እድር ጸሐፊ ደብተር አውጥቼ ስም በስም መዘገብኩ። አማቴ ያንን ደብተር እስከ ዛሬ አልጣለችውም፣ ለመጣ ሁሉ ታሳያለች።

አራተኛውን ልጽፍ ስል የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ሰውየው የሞቱት ከተማ ሆስፒታል፣ የሚቀበሩት ገጠር ነው። እኛ ቀድመን የገጠሩ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሴትዮዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «እዚህ አይደለም» አለች። የት እንደሆነ ስንጠይቃት ምሳ ወጣች! ሞቱ መጀመሪያ የሚመዘገበው በሞቱበት ከተማ ነው፣ ከዚያ አስከሬን ማዛወሪያና የመቅበሪያ ፈቃድ አለ። ይህን የነገረን የአምቡላንሱ ሹፌር ነው። አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተመላለስን።

ሌሊት ከላማዩ በቀጥታ ወደምታድርበት ቤት አትግባ። እኔ የምተኛው ሚስቴ አክስት ዘንድ ነበር። አክስትየው በሩ ላይ ቆመው «ሌላ ቦታ ረግጠህ ና» አሉኝ። መንፈሱ እንዳይከተል መንገድ ላይ ሌላ ቦታ ጎራ ማለት አለ፣ «ፓግፓግ» ይባላል። በእኩለ ሌሊት ጆሊቢ የሚባል ምግብ ቤት ገብቼ ዶሮ በሩዝ በላሁ። ከለቅሶው ቤት ምግብ ይዘህም አትውጣ።

እንደ እኛው አርባ አላቸው፣ ሙት ዓመቱንም «ባባንግ ሉክሳ» ብለው ያወጣሉ። ባለቤትህ ለአርባው ልቆይ ማለቷ አይቀርምና የእሷን መመለሻ ትኬት ቀኑ የሚቀየር አድርገህ ቁረጥ። እኔ ለቅያሪው ሌላ ቅጣት ከፍያለሁ።