ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ አይደለም

«ሕገ መንግሥቱ ሰልፍ መውጣት መብት ነው ካለ የፈቃድ ጣጣ ከየት መጣ?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፦ ሕጋችን ፈቃድ አይልም። በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 የሚለው «አሳውቁ» ነው፤ በጽሑፍ፣ ሰልፉ ከመካሄዱ 48 ሰዓት በፊት።

ችግሩ ያለው ደብዳቤውን የሚቀበለው የአስተዳደሩ መዝገብ ቤት ነው። ከሰፈራችን ሰዎች ጋር በቤት ፈረሳ ጉዳይ ሰልፍ ልንወጣ ሐሙስ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። «ኃላፊው ሳይመሩበት ገቢ አላደርግም» ተባልኩና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ቅዳሜ በስልክ «ጸጥታው አይመችም» አሉን። በጽሑፍ ስጡን ብንል የሚፈርም ጠፋ። እኛም በእጃችን ምንም አልነበረንም፤ ያሳወቅን መሆናችንን እንኳ ማስረዳት አልቻልንም። ያ ቀን እስካሁን ያንገበግበኛል።

በሁለተኛው ሦስት ሆነን ሄድን። በእጃችን በሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተም እስኪያርፍ ከመስኮቱ አልተነሣንም። ሠራተኛዋ ቀኑን ጻፈች፤ ሰዓቱንም ለመንናት፣ «ጠዋት 4፡20» ብላ በእስክሪብቶ ጨመረችልን። ሰዓቷ ትልቅ ነገር ናት። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን ጽፎ በ12 ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያች ፊርማ ነው። «የትም፣ መቼም አይደረግም» ማለት ግን አይችልም። የዚያኑ ዕለት ማታ ሳይደርስ ደብዳቤ ሰጡን፦ የመረጥነው ቦታ ሆስፒታል አጠገብ ነው። እውነታቸውን ነበር፤ አዋጁ ከሆስፒታል፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ 100 ሜትር፣ ከጦር ሰፈር ደግሞ 500 ሜትር ራቁ ይላል። ቦታ ቀይረን ወጣን።

ሕገ መንግሥቱም ቢሆን አንቀጽ 30 ላይ መብቱን ልቅ አልተወውም። በሰላም፣ ያለ መሣሪያ ይላል። የቦታውና የመንገዱ ነገር ሕዝብ እንዳያውክ ሥርዓት ሊወጣለት እንደሚችል፣ የጦርነት ቅስቀሳም ሆነ የሰው ክብር የሚነካ ንግግር በመብቱ ሽፋን ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ ጽፏል። ይህ ተገቢ ነው እላለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ነው። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25ና የ39 ሁለት ንዑስ አንቀጾች ብቻ ናቸው፤ 30 የለበትም፤ የሰልፍ መብት ሊታገድ ይችላል ማለት ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አንዴ ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፣ በየአራት ወሩም ሊታደስ ይችላል። ስለዚህ 48 ሰዓትህን መቁጠር ሳትጀምር በአካባቢህ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መኖር አለመኖሩን አጣራ። ከሌለ፣ ነገ ጠዋት ደብዳቤህን በሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ።