«እሺ» ማለት ገባኝ ማለት አይደለም

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለአዲሱ ሥራ እንኳን ደስ አለሽ። ዱከም ባለ የቻይናዎች ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ልትጀምሪ እንደሆነ ጽፈሽ፣ «ሠራተኛውና ቻይናዎቹ የማይግባቡት በባህል ልዩነት ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው? ምን አውቄ ልግባ? ቻይንኛስ ልማር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሆለታ አካባቢ ሆላንዳዊ በሚያስተዳድረው አበባ እርሻ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ዱከም ጫማ ፋብሪካ ውስጥ በላይን (በምርት መስመር) ተቆጣጣሪነት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፤ ረዘም ይላልና ታገሺኝ።

ከ«እሺ» ልጀምር። አንድ ጠዋት ቻይናዊው ፎርማን ማስቲሽ የምትቀባን አዲስ ልጅ፣ ሶሉ ከመለጠፉ በፊት ማስቲሹ ምን ያህል መድረቅ እንዳለበት በአስተርጓሚ አስረዳት። ልጅቷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ያቺን «አዎ» የምንልባትን ትንፋሽ ታውቂያታለሽ። ፎርማኑ ደንግጦ «ምን ሆነች? አመማት?» አለ። አስተርጓሚው «የለም፣ እሺ ማለቷ ነው» ሲለው ደስ ብሎት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሶላቸው የለቀቀ ጫማዎች ከጥራት ክፍል በካርቶን ተመለሱ።

ልጅቷን ለብቻዋ ወስጄ አነጋገርኳት። ማሽኑ ይጮሃል፣ ግማሹን አልሰማችም። አስተርጓሚው የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ እሷ ደግሞ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። «ታዲያ ለምን መልሰሽ አልጠየቅሽም?» ስላት «ትልቅ ሰው እንዴት ደጋግሜ ላድክም?» አለችኝ። ለእሷ «እሺ» ማለት ሰምቼሃለሁ፣ አክብሬሃለሁ ነው። ለፎርማኑ ደግሞ ገብቶኛል፣ ከአሁን በኋላ ኃላፊነቱ የኔ ነው ማለት ነው። ሁለቱም አልዋሹም፤ ጫማው ግን ተበላሸ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም «ገባሽ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «እስቲ አንቺ ሠርተሽ አሳዪኝ» ነው የምለው። ፎርማኖቹም ቀስ በቀስ ይህንኑ ለመዱ፤ አንዱማ «አሳዪኝ»ን በአማርኛም በኦሮምኛም ይላት ጀመር። አዲስ ሠራተኛ ስታስገቢ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አስለምጂ።

ሥልጠና ላይ የሆላንዱን ተመራማሪ የጌርት ሆፍስቴድን ሰንጠረዥ ያሳዩሽ ይሆናል። ሰውየው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በተለያዩ አገሮች የነበሩ የአሜሪካው ኮምፒውተር ኩባንያ የአይቢኤም ሠራተኞች የሞሉትን መጠይቅ አነጻጽሮ ለየአገሩ ቁጥር ሰጠ። አንዱ መለኪያ «የሥልጣን ርቀት» ይባላል፦ ከታች ያለው ሰው አለቃው ከእሱ እጅግ በላይ መሆኑን ምን ያህል እንደ ተገቢ ይቀበላል የሚል ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ርቀቱን ይበልጥ ይቀበላል ማለት ነው። ሆላንድ 38፣ በኋላ የተጨመረችው ቻይና 80 አላቸው። የእኛን 64 ብሎ ታገኚዋለሽ፤ ግን ልብ በዪ፣ ቁጥሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዛምቢያን ከእኛ ጋር አንድ ላይ አድርጎ «ምሥራቅ አፍሪካ» ያለው ነው። የአራት አገር አማካይ ይዘሽ ፊትሽ የቆመችውን የዝዋይ ወይም የአምቦ ልጅ አውቃታለሁ ብትዪ በጣም ትሳሳቻለሽ።

ቢሆንም ሰንጠረዡ ከንቱ ነው አልልም። ሆለታ ያየሁት ነገር ከእሱ ጋር ይገጥማል። ሥራ አስኪያጁ ቅን ሰው ነበር። ስብሰባ ላይ የአበባ ቆረጣው በአንድ ሰዓት ቀድሞ እንዲጀመር ዕቅድ አቀረበና «ስህተቴን ንገሩኝ» አለን። ሁላችንም ዝም። እሱ ዝምታችንን ስምምነት አደረገው። ለካ ከሩቅ ገጠር በእግር የሚመጡት ሴቶች በዚያ ሰዓት ከቤት ለመውጣት ጅብ ይፈራሉ! በሳምንቱ ግማሾቹ አረፈዱ፣ ጥቂቶች ጭራሽ ቀሩ። ምክንያቱን የነገሩኝ በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት እናት ናቸው፤ ሌሎቹ ልከዋቸው፣ ሻይ ሰዓት ላይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ከልቡ አዘነ። «ጠይቄያቸው ነበር እኮ! ለምን በስብሰባው ላይ አልነገሩኝም?» አለ። አለቃን በሰው ፊት «ተሳስተሃል» ማለት ለእኛ ማዋረድ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ከዚያ በኋላ ዕቅዱን ከስብሰባው ቀድሞ ይሰጠን ጀመር፤ ሴቶቹም እኚያኑ እናት እየላኩ ሐሳባቸውን አደረሱ። ቆረጣውም ወደ ቀድሞ ሰዓቱ ተመለሰ።

እንግዲህ በሰንጠረዡ ከሄድን ከሆላንዱ ይልቅ ለቻይናው እንቀርባለን። እነሱም አለቃ ያከብራሉ፣ እኛም። ታዲያ ጠቡ ከየት መጣ? እኔ እንደማየው፣ እኛ ዘንድ መታዘዝ ዕዳ አለበት። የታዘዝሽለት አለቃ ሲያምሽ ይጠይቅሻል፣ ልቅሶሽ ላይ ይቀመጣል፣ ሁዳዴ ላይ ክበቡ ውስጥ የጾም ምግብ መኖሩን ያስባል። ይህ ሲቀር ሠራተኛው አይጮህም፤ ልቡን ይነሳሻል፣ ከዚያ አንድ ሰኞ ይቀራል።

ልቅሶ ራስሽ ጠረጴዛ ላይ በየሳምንቱ ስለሚመጣ አጥብቀሽ ያዢው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ይሰጣል። ለሌላ ልዩና አሳሳቢ ጉዳይ ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ አለ። ጎረቤት ግን ዘመድ ተብሎ አይቆጠርም። እድሩ ደግሞ ቀብር የቀረን ይቀጣል፤ ከገንዘቡ በላይ «የሰው ቀብር ቀረች» መባሉ ነው የሚከብደው። ቻይናዎቹ «ዘመዷ ካልሆነ ለምን ትሄዳለች?» ይሉ ነበር። መጨረሻ ላይ የተስማማነው ከአንድ ላይን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሁሉንም ወክሎ እንዲሄድ፣ የቀሩት ቦታቸውን እንዲሸፍኑ ነው። ተወካይ መላክ ለእኛ የኖረ ነገር ስለሆነ ማንም አላጉረመረመም።

ደግሞ ሁሉን ነገር ባህል ላይ አትጫኚ። አንድ ፎርማን የተበላሸ ጫማ በአንዲት ልጅ ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ልጅቷ «እንደ ውሻ ወረወረልኝ» ብላ በዚያው ቀን ሥራ ለቀቀች። ቢሮ ውስጥ «ባህላቸው ነው፣ ልመዱት» ተባለ። እኔ ግን ያው ፎርማን ለእንግዳ የስም ካርዱን በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ሲሰጥ አይቼዋለሁ። ዕቃን በአክብሮት መስጠት እነሱም እንደኛው ያውቁበታል። ያን ዕለት ያስወረወረው ኮንቴይነር የሚጫንበት ቀን መድረሱና የበላዮቹ ጩኸት ነበር። ያንን ባህል ብለን ስናልፈው ልጅቷን በደልናት፤ ይቅርታ የጠየቃትም የለም።

የሰዓቱንም አትርሺ። ቅዳሜ «በ7:00 ኦቨርታይም አለ» ተብሎ ተለጠፈ። ግማሹ ሠራተኛ ምሳውን በልቶ በሰባት ሰዓት መጣ። ከዚያም ቅጣት! ቅጣቱን ለማስነሳት ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ማንኛውም ማስታወቂያ ላይ «ከጠዋቱ 1:00» ብለሽ በእኛ አቆጣጠር ጻፊ፣ የእነሱን ከጎኑ አድርጊ።

ቻይንኛ ልማር ወይ ላልሽው፦ ተማሪ፣ ሰላምታውና ቁጥሩ እንኳ ፊታቸውን ይፈታዋል። ግን ኦሮምኛ የማትችዪ ከሆነ ከእሱ ጀምሪ። የቻይንኛ አስተርጓሚ ፋብሪካው ራሱ ይቀጥርልሻል። ከገጠር የመጣችው ልጅ ግን ቢሮሽ በር ላይ ቆማ የሆዷን ልትነግርሽ ስትፈልግ በመሃላችሁ ሦስተኛ ሰው ካለ «ምንም የለም» ብላሽ ትመለሳለች።